አንድ ግራም ያልቀነሰችው ዘንዶ

[እሑድ ጠዋት፣ ግንቦት ወር። በአንዲት የጀርመን ከተማ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ የእባብና የእንሽላሊት ገበያ ቆሟል። በረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ክዳናቸው የተበሳሳ ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ በየዕቃው አንዳንድ እባብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሃርትቪግ የከተማው እባብ አርቢዎች ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ ደረቱ ላይ ባጅ አለው። ኤኖ ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ ነው፤ ከሃርትቪግ በታች ባለው ፎቅ ይኖራል። ሃርትቪግ ኤኖ ይዞት የመጣው ነጭ የፎም ሣጥን ላይ ተቀምጧል።]

ኤኖ፦ ተነሥ ከሣጥኑ ላይ።

ሃርትቪግ፦ ባዶ ሣጥን ነው። ወንበር ካልሆነ ምን ይሠራል?

ኤኖ፦ ባዶ አይደለም እኮ ነው የምልህ።

ሃርትቪግ፦ ፎጣና የሙቅ ውሃ ላስቲክ ያለበት ሣጥን በእኛ ሙያ ባዶ ይባላል። ደግሞ በግንቦት ሙቅ ውሃ! እዚህ ገበያ ስመላለስ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እንዳንተ ያለ አላየሁም።

ኤኖ፦ ጠዋት ብርድ ነበር። እሷ ደግሞ ብርድ አትወድም።

ሃርትቪግ፦ ማን እሷ? ገና መች ገዛሃት?

ኤኖ፦ እሷን ነው የምልህ፣ ቤቴ የምትኖ—

ሃርትቪግ፦ አየህ፣ የጀማሪ በሽታ ይሄ ነው። እባቧ ሳትመጣ በሐሳቡ ሚስት አድርጎ ያስቀምጣታል። በኋላ ስትነክሰው ይቀየማል።

ኤኖ፦ ነክሳኝ አታውቅም። ተነሥ አልኩህ።

[ሃርትቪግ ይነሣል። ሣጥኑን ብድግ አድርጎ በእጁ ይመዝናል።]

ሃርትቪግ፦ ፎጣው ረጥቧል እንዴ?

ኤኖ፦ ደረቅ ነው።

ሃርትቪግ፦ እንግዲያው ውሃው ነው። ሁለት ኪሎ። እጄ ሚዛን ነው፣ ተሳስቶ አያውቅም። ይሄ ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ቢጫ ወረቀትስ?

ኤኖ፦ በር ላይ ለጠፉልኝ። «ሕይወት ያለው እንስሳ» ይላል። አንተ ባጅህን ለዘበኛው ስታሳይ ነው የለጠፉት።

ሃርትቪግ፦ ለሚገዛ ሰው አስቀድመው ይለጥፋሉ ማለት ነው። ጎበዞች። ይሄን ሥርዓት ያመጣሁት እኔ መሆን አለብኝ። በል፣ እኔ ልያዘው፤ አንተ ሰው ትገጫለህ።

ኤኖ፦ ሠላሳ አንድ ዓመት መስመር ሰባትን ስነዳ ማንንም አልገጨሁም።

ሃርትቪግ፦ ሐዲድ ላይ ነዋ! እኔም ሐዲድ ቢሰጡኝ አልገጭም።

[ይሄዳሉ። ሃርትቪግ ሣጥኑን ብብቱ ሥር ይወትፈዋል።]

ኤኖ፦ አታዘንብለው! ሃርትቪግ፣ እኔ የመጣሁት ለመግዛት ሳይሆን ሰው ዓይነቷን እንዲነግረኝ ነው። ነገ ጠዋት ከከተማው የእንስሳት ቢሮ ሴትዮዋ ትመጣለች። የእባቧን ዓይነትና አያያዟን አስረግጬ ካልነገርኳት ወደ መጠለያ ይወስዱብኛል።

ሃርትቪግ፦ የትኛዋን እባብ?

ኤኖ፦ ቤቴ የምትኖረውን!

ሃርትቪግ፦ ወደፊት ቤት የምትኖረውን ማለትህ ነው። እንዲህ ነዋ! ቢሮው ሰው ሳይገዛ ቤቱን መመርመር ጀመረ። ለከንቲባው የጻፍኩት ደብዳቤ ሠራ ማለት ነው።

ኤኖ፦ አንተ ሰው ሲያናግርህ ጆሮህን የት ነው የምታስቀምጠው? በጥቅምት ደረጃው ላይ ማስታወቂያ ለጥፌ አልነበር?

ሃርትቪግ፦ እሱንማ እንዴት እረሳለሁ! «እባብ ተገኝቷል። ሁለተኛ ፎቅ። ኤኖ።» ይሄ ማስታወቂያ ነው? ዓይነት የለው፣ ርዝመት የለው፣ ጾታ የለው። በቀይ እስክሪብቶ አርሜ፣ «ያልተሟላ፣ ተቀባይነት የለውም» ብዬ ፈርሜ በበርህ ሥር ሰደድኩልህ።

ኤኖ፦ አስቀምጬዋለሁ።

ሃርትቪግ፦ አስቀምጠው። ከእኔ እርማት የተማረ ብዙ ነው። ለመሆኑ እባብ ያልከው ነገር የአትክልት ማጠጫ ጎማ ነበር አይደል?

ኤኖ፦ ጎማ አይደለም።

ሃርትቪግ፦ ጎማ ነው። አንደኛ ፎቅ ያለችው ወይዘሮ ክሎፕም አምና አዞ አየሁ ብላ እሳት አደጋ ጠርታ፣ የዝናብ ጫማ ሆኖ ተገኘ። ና፣ እዚህ ጋ ቁም። ትምህርት እንጀምር። ይቺን ታያለህ?

ኤኖ፦ ታምራለች። ቀበቶ ነው የምትመስለው።

ሃርትቪግ፦ ዛሬ ቀበቶ ናት። ይቺ የበርማ ዘንዶ ናት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሳሎኑ የሷ ይሆናል፣ አንተ ኮሪደር ላይ ትተኛለህ። ይቺ አረንጓዴዋ ደግሞ የዛፍ ዘንዶ። ለማየት እንጂ ለመንካት አይደለችም፤ የእህቴ ባል መኪና ማለት ናት።

ኤኖ፦ ማጠቢያ ማሽን ሥር መተኛት የምትወደውስ የትኛዋ ናት?

ሃርትቪግ፦ [ለአላፊ አግዳሚው] ሰማችሁልኝ? ማጠቢያ ማሽን! አንተዬ፣ ዘንዶ ካልሲ አይደለም።

ኤኖ፦ ሲዞር ይሞቃል። ይንቀጠቀጣል። ትወደዋለች።

ሃርትቪግ፦ ምንም አትወድም! ዘንዶ ዋሻ ነው የሚፈልገው። ጨለማ፣ ጠባብ፣ ጸጥ ያለ ዋሻ። እንደኔዋ አዴልሃይድ። ለጀማሪ የሚሆነውም የሷ ዘር ነው፣ ንጉሣዊ ዘንዶ። ብዙ አትረዝም፣ አትቆጣም፤ ስትፈራ ራሷን መሐል አድርጋ እንደ ክር ኳስ ትጠቀለላለች። አንድ ዐመል ብቻ አላት።

ኤኖ፦ ምን?

ሃርትቪግ፦ መጾም። ደስ ካላት ወራት ሙሉ አትበላም። እዚህ ላይ ነው ጀማሪና ዐዋቂ የሚለየው። ጀማሪ ይደነግጣል፣ ዋሻዋን ያነሣል፣ ይነካካታል፣ ያስጨንቃታል። ዐዋቂ ግን ዝም ይላል። አዴልሃይድ ከጥቅምት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። እኔ ግን ዋሻዋን አንድ ቀን ገልጬ አላየሁም።

ኤኖ፦ ከጥቅምት?

ሃርትቪግ፦ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች! በየሁለት ሳምንቱ ከማቀዝቀዣ አይጥ አውጥቼ፣ አሙቄ በሯ ላይ አስቀምጣለሁ። አታይም። ንቀት ነው። ለዚህ እኮ ነው ማቀዝቀዣዬ ሞልቶ ትርፉን አንተ ዘንድ ያስቀመጥኩት።

ኤኖ፦ አንዳንድ ልውሰድ ብዬህ፣ «የፈለግኸውን ያህል ውሰድ» ብለኸኛል።

ሃርትቪግ፦ ውሰድ። ዓሣ የምታጠምድበት ነው አይደል?

ኤኖ፦ ዓሣ አላጠምድም።

ሃርትቪግ፦ እንዲያውም አትንገረኝ። ለሰው ጉዳይ ቦታ የለኝም። አዴልሃይድን ግን ብታያት! አንገቷ ላይ በስተግራ ቢጫ ምልክት አላት፣ ልክ እንደ ሰባት ቁጥር። አገጯ ሥር ደግሞ—

ኤኖ፦ ምን አልክ?

ሃርትቪግ፦ አገጯ ሥር—

ኤኖ፦ ሰባት ቁጥር?

ሃርትቪግ፦ እግር ያለው ሰባት። በመጽሔታችን ፎቶዋ ወጥቷል።

[ኤኖ ይቆማል። ሣጥኑን ያያል፤ ሃርትቪግን ያያል።]

ኤኖ፦ ሃርትቪግ፣ ያ የማሞቂያው ቧንቧ ወደኔ የሚወርድበት ቀዳዳ ተደፍኗል?

ሃርትቪግ፦ ለምን እደፍነዋለሁ? አየር ይገባበታል። ምን አመጣው አሁን?

ኤኖ፦ ከዚህ እንሂድ። ቡና ቤት ገብተን ቁጭ እንበልና ላጫውትህ።

ሃርትቪግ፦ ፈራህ! አላልኩም? ሣጥኑን እኔ ተሸክሜ፣ እውቀቱን እኔ ተሸክሜ፣ ፍርሃቱን እሱ ይሸከማል! ከዚህ ባዶ እጅህን አትወጣም። ወይዘሮ ጌዚነ! እንደምን አደሩ?

[ወይዘሮ ጌዚነ ንጉሣዊ ዘንዶ አርብታ የምትሸጥ ናት። እጅጌዋን ሰብስባለች። ከጠረጴዛው ኋላ ካርድና እርሳስ ታነሣለች።]

ጌዚነ፦ እግዜር ይመስገን፣ አቶ ጸሐፊ። ማን ነው የሚወስደው?

ሃርትቪግ፦ ጎረቤቴ። ፍጹም ጀማሪ። እባብ በሥዕል ነው የሚያውቀው።

ጌዚነ፦ ሥርዓቴን ያውቃሉ፤ ጥያቄ ሳልጠይቅ ለጀማሪ አልሸጥም። ስለዚህ ዝም ይበሉና እሳቸው ይመልሱ። ጌታዬ፣ ከዚህ በፊት እባብ ይዘው ያውቃሉ?

ሃርትቪግ፦ አያውቅም።

ኤኖ፦ አውቃለሁ።

ሃርትቪግ፦ ጎማ ነው! የአትክልት ጎማ። «አያውቅም» ብለው ይጻፉ።

ጌዚነ፦ አቶ ጸሐፊ። [ለኤኖ] በረዶ የሆነ አይጥ እንዴት ነው የሚያዘጋጁት?

ኤኖ፦ ከማታው አውጥቼ እተወዋለሁ። ጠዋት በሙቅ ውሃ ባልዲ ውስጥ፣ ከነላስቲኩ። ራሱን ይበልጥ አሞቀዋለሁ፤ ራሱ ከቀዘቀዘ ዞር ትላለች። መጀመሪያ ቋሊማ ሰጥቻት ነበር። ተቀየመችኝ።

ጌዚነ፦ [እየጻፈች] በስንት ቀኑ?

ኤኖ፦ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሐሙስ። ከበላች በኋላ ሁለት ቀን አልነካትም።

ሃርትቪግ፦ ከየት አነበብከው? ይሄ በእኔ የጀማሪዎች መመሪያ ውስጥ ገጽ አሥራ አራት ላይ ያለ ነው!

ኤኖ፦ መመሪያህን አላነበብኩም። መጀመሪያ ሰኞ ሰጠኋት፣ እንቢ አለች። ሐሙስ ሰጠኋት፣ በላች። ሐሙስ ሆነ።

ጌዚነ፦ ቆዳዋን ልትጥል ስትል በምን ያውቃሉ?

ኤኖ፦ ዓይኗ ይደፈርሳል። እንደ ትራም መስኮት በኅዳር ጭጋግ። ያኔ እርጥብ ፎጣ ማሽኑ ሥር አነጥፍላታለሁ። ሁለት ጊዜ ጥላለች። ሁለተኛው ሙሉ ነው፣ ከነዓይኑ። መሳቢያ ውስጥ አለ።

ጌዚነ፦ [እርሳሱን ታስቀምጣለች] አቶ ጸሐፊ፣ ይሄ ሰው ጀማሪ አይደለም።

ሃርትቪግ፦ ይቀልዳል! የትራም ሰዎች እንዲህ ናቸው። ምልክቱን ልንገርዎ፤ አዴልሃይድ በስምንት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ቆዳዋን አልጣለችም። ጨዋ ዘንዶ ማለት እንደሷ ነው።

ጌዚነ፦ በስምንት ወር? ታማ ይሆን?

ሃርትቪግ፦ አዴልሃይድ? ትጾማለች እንጂ አልታመመችም።

ጌዚነ፦ የሚጾም ይከሳል። ይመዝኗታል?

ሃርትቪግ፦ እመዝናታለሁ? በየእሑዱ! ከሸክላ ዋሻዋ ጋር አንሥቼ፣ ሚዛን ላይ አስቀምጬ፣ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ከጾሟ ሁለተኛ ቀን ጀምሮ። እና ምን ያህል የቀነሰች ይመስልዎታል?

ጌዚነ፦ ስንት?

ሃርትቪግ፦ አንድ ግራም አልቀነሰችም።

ጌዚነ፦ አንድ ግራም?

ሃርትቪግ፦ አንድ! በስምንት ወር! ይሄን በማኅበሩ ስብሰባ ሳቀርብ ሰው ቆሞ ነው ያጨበጨበው።

ጌዚነ፦ ቤቷን ስንት ጊዜ አጸዱላት?

ሃርትቪግ፦ የማይበላ ምን ያወጣል? ንጹሕ ነው። እንደ ፋርማሲ።

ጌዚነ፦ አቶ ጸሐፊ... መጨረሻ ያዩዋት መቼ ነው?

ሃርትቪግ፦ ዐዋቂ አያይም፣ ያምናል። ውሃዋ ይቀንሳል፤ ማን ጠጣው ታዲያ?

ጌዚነ፦ የማሞቂያ መብራቱ።

[ኤኖ የሃርትቪግን ክንድ ይይዛል።]

ኤኖ፦ እንሂድ አልኩህ እኮ። ቀስ ብዬ ልነግርህ ነበር።

ሃርትቪግ፦ ልቀቀኝ! ሁለታችሁ ተማክራችኋል። ወይዘሮ ጌዚነ፣ ያቺን ትንሿን ይስጡኝ። በእጄ ሣጥኑ ውስጥ አስገብቼለት ነው የምሄደው። ጀማሪ እንዲህ ካልገፉት አይጀምርም።

ኤኖ፦ ሃርትቪግ፣ ክዳኑን እንዳትከፍት።

[ሃርትቪግ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ክዳኑን ይከፍታል። ፎጣ። የሙቅ ውሃ ላስቲክ። በመሐላቸው አፉ የታሰረ የትራስ ልብስ። የትራስ ልብሱ ይንቀሳቀሳል።]

ሃርትቪግ፦ ይሄ ምንድን ነው?

ኤኖ፦ ሁለት ኪሎ ውሃ ነዋ፣ እንደ እጅህ።

[ጌዚነ ቋጠሮውን ትፈታለች። ወፈር ያለች፣ ቡናማና ቢጫ ዘንዶ ራሷን ቀስ አድርጋ ታወጣለች። አንገቷ ላይ በስተግራ፣ ሰባት ቁጥር።]

ሃርትቪግ፦ አዴልሃይድ?

ኤኖ፦ እኔ «ሰባት» ነው የምላት። በመስመሬ።

ጌዚነ፦ ምን የመሰለች ዘንዶ! ምን ዓይነት ወዝ ነው!

ሃርትቪግ፦ ሌባ! ስምንት ዓመት ያሳደግኳትን ልጄን! ከዋሻዋ አውጥተህ—

ኤኖ፦ ራሷ ወጣች። በቧንቧው ቀዳዳ ወረደች። ጥቅምት አሥራ ሁለት ማታ ወጥ ቤት ስገባ ማሽኑ ሥር ነበረች።

ሃርትቪግ፦ ውሸት ነው! ቤቷ ቁልፍ አለው። ደግሞ ጥቅምት አሥራ ሁለት የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ነበር፤ እኔ ራሴ ንግግር ያደረግሁበት።

ጌዚነ፦ ነበርኩ። ስለ ቁልፍ ነበር የተናገሩት። ቁልፍም ይዘው መጥተው አሳይተውናል።

ሃርትቪግ፦ አዎን፣ አሳይቻለሁ። ከናስ የተሠራ፣ ሁለት...



ጌዚነ፦ ከየት ያመጡት ቁልፍ ነበር?



ኤኖ፦ ከበሯ ላይ ነቅሎ።

ሃርትቪግ፦ ለአንድ ምሽት ነው! መለስኩት እኮ! ማታውኑ መልሼ ቆለፍኩት!

ኤኖ፦ ሳሎኑ ውስጥ ያለውን ሣጥን ባዶውን ቆልፈህ ስምንት ወር ጠበቅህ። ዛሬ ደግሞ ሙሉውን ባዶ ነው ብለህ ተቀመጥክበት።

ሃርትቪግ፦ በቃ፤ የኔ ናት። ስጠኝ።

[ኤኖ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ደብዳቤ ያወጣል።]

ኤኖ፦ ያገኘኋት ዕለት ማግሥት ለከተማው የጠፋ ዕቃ ቢሮ አመለከትኩ። ባለቤት በስድስት ወር ካልመጣ ላገኘው ሰው ነው ይላሉ። ማኅተም አለበት። ዓርብ ደረሰኝ።

ሃርትቪግ፦ ባለቤቱ መች ተነገረው?

ኤኖ፦ ተነግሮታል።

[ሌላ ወረቀት ያወጣል። በቀይ የተሞላ ነው። ጌዚነ ተቀብላ ታነባለች።]

ጌዚነ፦ «እባብ ተገኝቷል...» በቀይ ደግሞ፣ «ያልተሟላ፣ ተቀባይነት የለውም። የእባብ ዕውቀት የሌለው ሰው ስለ እባብ አይጽፍም። ጥቅምት አሥራ ሦስት። ሃርትቪግ፣ ጸሐፊ።» አቶ ጸሐፊ፣ ፊርማው የርስዎ ነው?

ሃርትቪግ፦ የማኅበሩ ማኅተምም አለበት።

[ዘንዶዋ በኤኖ እጅ ላይ ትጠመጠማለች፤ ራሷን እጅጌው ውስጥ ትከታለች።]

ኤኖ፦ ስማ፣ የወረቀቱን ተወው። እናቷ ባትሆንም አንተ ነህ ያሳደግካት። ልውሰዳት ካልክ ውሰዳት። እኔ ለነገዋ ሴትዮ በሩን እከፍትና ማጠቢያ ማሽኑን አሳያታለሁ።

ሃርትቪግ፦ ...በላች ነው ያልከኝ?

ኤኖ፦ አሥራ አምስት አይጥ።

ሃርትቪግ፦ የማንን?

ኤኖ፦ ያንተን።

ሃርትቪግ፦ እኔ ዘንድ ሁለት ተከታታይ ወር በልታ አታውቅም። ለመጽሔቱ «ጠባይዋ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሐሙስ ነው ያልከው?

ኤኖ፦ ሐሙስ።

ሃርትቪግ፦ ስምንት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ነበር የምሰጣት። [አፍንጫውን ይጠርጋል] በል፣ እርሳስ አለህ? ለነገዋ ሴትዮ ጻፍ። ንጉሣዊ ዘንዶ። ሴት። ርዝመቷ አንድ ሜትር ከሠላሳ። ዕድሜዋ ዘጠኝ። ሃያ ዓመት ትጨምራለች፤ አንተ ትሞታለህ እንጂ እሷ አለች። ማሽን ሥር መተኛቷን እንዳትነግራት፣ «ሞቃት መደበቂያ» በላት። ጻፍከው?

ኤኖ፦ «ሞቃት መደበቂያ»።

ሃርትቪግ፦ ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትመጣው? እኔም እወርዳለሁ። ባለሙያ ሲኖር ቢሮው ይጠነቀቃል።

ኤኖ፦ ና። ግን ዝም ትላለህ።

[ሃርትቪግ የሣጥኑን ክዳን ይዞ ይቆማል። ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ካለችው ትንሿ ዘንዶ ላይ ያርፋል። የፕላስቲኩን ዕቃ ወደ ብርሃን አንሥቶ ከሥር ያያል፤ በእርግጥ ውስጡ መኖሯን ያረጋግጣል።]

ሃርትቪግ፦ ወይዘሮ ጌዚነ... ቤቷ እኮ ተዘጋጅቷል። ንጹሕ ነው።

ጌዚነ፦ እንደ ፋርማሲ።

ሃርትቪግ፦ ትበላለች?

ጌዚነ፦ ትበላለች። ግን ሥርዓቴን ያውቃሉ። [አዲስ ካርድ ታወጣለች፤ እርሳሷን ትልሳለች] ከላይ እንጀምር። ከዚህ በፊት እባብ ይዘው ያውቃሉ?

[ሃርትቪግ ባጁን ከደረቱ ፈትቶ ኪሱ ይከታል። ኤኖ ዘንዶዋን ወደ ትራስ ልብሷ እየመለሰ ነው።]

ኤኖ፦ ይጻፉለት፣ ወይዘሮ ጌዚነ። እባብ መያዙ እንኳ አጠራጣሪ ነው። ሣጥን ግን በደንብ ይዞ ያውቃል፤ በስምንት ወር አንድ ግራም አልቀነሰበትም።